ሦስተኛው መጽሐፍ

«የተጠረዘ መጽሐፍ ብቻ፣ ከሦስት ያልበለጠ» የሚለውን የፈተና መመሪያ ያወጣው ሰው በሕይወቱ መጽሐፍ መርጦ አያውቅም። እኔ ሠርካለም ይኸው ሐምሌ ከገባ ጀምሮ አልጋዬን ለመጻሕፍት ለቅቄ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ፤ ሦስቱ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አሁንም አላውቅም። ወፍራሙን የፍሳሽ ማጣሪያ መጽሐፍ ሳነሳ ቀዩ የደረቅ ቆሻሻ መጽሐፍ ያኮርፋል። ቀዩን ሳነሳ የአየር ብክለቱ ከትራሱ ሥር ሆኖ ሰርቆ ያየኛል። ሳቁብኝ፣ ግዴለም። ክረምትን ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ፣ ጉሙ በመስኮት እየገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ቀኑን ሙሉ ቀመር ሲያነብ የከረመ ሰው መጽሐፍ ቢያኮርፈው ምን ይገርማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአካባቢ መሐንዲስ ነኝ። ሰው የሚጠጣው ውኃ እንዴት እንደሚጣራ፣ የሚደፋው ቆሻሻ የት እንደሚደርስ ማሰብ ነው ሥራዬ። ከጉና ተራራ ሥር ላሉ መንደሮች ምንጭ አጎልብቻለሁ፣ ማጣሪያ ነድፌአለሁ። አንዱም ላይ ግን ፊርማዬ የለም። የሙያ ፈቃድ የሌለው መሐንዲስ ይነድፋል እንጂ አይፈርምም። ንድፉ ወደ ባሕር ዳር ይሄድና ምንጩን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ፈርሞበት ይመለሳል። ስሜ ከገዛ ሥራዬ ላይ ሲጠፋ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ቅጥል ይላል። ፈቃዱ የሚገኘው ደግሞ በፈተና ነው፤ መጽሐፍ ይዘው ገብተው፣ እያገላበጡ የሚሠሩት ፈተና። ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ።

የወደቅሁት ባለማወቅ እንዳይመስላችሁ። በመጽሐፍ ብዛት ነው። ያኔ ገደብ አልነበረም፤ ያለኝን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ በባጃጅ አስጭኜ ሄድሁ። ጥያቄው ሲመጣ መልሱ ካንዱ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከየትኛው ውስጥ እንደሆነ ግን እንጃ። ሳገላብጥ፣ ሳገላብጥ፣ ሰዓቱ አለቀ። በሁለተኛውም ያው ሆነ። አምና ያለፈው የሥራ ባልደረባዬ ታምራት እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ «ሠርኬ፣ እህል ልታስፈጪ ነው?» ይለኛል። ምላሱ ይቆረጥ እንጂ አልዋሸም።

አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ተመዝግቤአለሁ። ፈተናው ከቡሄ በኋላ እዚሁ ደብረ ታቦር ይሰጣል ተብሏል። ከዚህ ወዲያ ሌላ ዕድል የለኝም፤ ሦስቴ የወደቀ ሰው ድጋሚ አይመዘገብም። ዘንድሮ ከወደቅሁ ዕድሜዬን በሙሉ ለሌላ ሰው ፊርማ ስነድፍ መኖሬ ነው።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ነን፣ እኔና አባቴ። አባቴን፣ መሪጌታ ገብረየሱስን፣ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ሲሏቸው እየሰማሁ ስላደግሁ እኔም የኔታ ነው የምላቸው። «መሪጌታ» የሚላቸው ሰው ሲመጣ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አልተመሰከረልኝም» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።

ታሪኩን እናቴ ነበረች የነገረችኝ፣ ነፍሷን ይማረውና። የኔታ በወጣትነታቸው ድጓውን ዘልቀው፣ እንደ ሥርዓቱም የራሳቸውን ድጓ በገዛ እጃቸው ጽፈውና ጠርዘው፣ በቆዳ ማኅደሩ አንግተው ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ተነሡ። የድጓ ተማሪ ከሊቃውንቱ ፊት ቀርቦ የሚመሰከርለት እዚያ ነው። ጊዜው ክረምት ነበር። መንገድ ላይ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሲሻገሩ ማኅደሩ ከትከሻቸው ተንሸራቶ ከጎርፉ ጋር ሄደ፤ እሳቸውን ሰው ጎትቶ አወጣቸው። ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ተማሪ ወደ ቤተልሔም ላኩ፤ ስንቱ ተመስክሮለት መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው ግን ወደ ጋይንት ዞረው አያውቁም። ባንድ ጣራ ሥር ሁለት ያልተመሰከረልን ሰዎች ነበርን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከግቢው ገብቶ ባሕር ዛፎቹን አንድ ባንድ ሲውጥ፣ የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ክፍሌ መጡ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አልጋውን አፍጥጬ አያለሁ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትቃትቺው?»

«ሦስት መምረጥ አቃተኝ፣ የኔታ።»

ካልጋው ጫፍ ተቀመጡና ወፍራሙን አነሡት። እንግሊዝኛ አያነቡም። መዘኑት፣ ጠርዙን ባውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ኋላ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ገጾቹን ለቀቅ ለቀቅ አደረጓቸው።

«ይህስ ድምፁ ለስልሷል» አሉ። «ታዘወትሪዋለሽ። ይሂድ።»

ቀዩን አነሡ፤ ገና ሲገልጡት ጠርዙ ቋ አለ። «ይህ ሰው አያውቀውም» ብለው አስቀመጡት። የኔ ነገር፣ ቀዩን ከገዛሁት ጀምሮ ለጌጥ ነበር ያስቀመጥሁት። የሠንጠረዦቹን መጽሐፍ ሲያነሡ ጠርዙ በጣቴ እድፍ ጠቁሯል። እሱንም ከወፍራሙ ጎን አኖሩት። ከዚያ የቀሩትን ሁሉ አንድ ባንድ አዳመጧቸው። ጉሙ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው መጽሐፍ ጆሯቸው ላይ ይዘዋል፤ እኔም ከመጽሐፉ ውስጥ ሩቅ የውኃ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

«ሦስተኛው እዚህ የለም» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት የለም? ሌላ መጽሐፍ እኮ የለኝም።»

«የራስሽ የታለ? የጻፍሽው?» ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ለመመስከር የሚሄድ ሰው በሰው መጽሐፍ ብቻ ይሄዳል እንዴ?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ። «ኧረ የኔታ! ይኼ ድጓ አይደለም እኮ! የፓምፕና የፍሳሽ ነገር ነው! ገና ያላነበብሁት ተከምሮ አንቱ ደግሞ ጻፊ ይሉኛል?» ጮህሁባቸው፣ ይቅር ይበለኝ። መቋሚያቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወጡ።

እኔም ፍራሼ ላይ ጋደም አልሁ። ዝናቡ ጣራው ላይ ሲንሾካሾክ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ትልቅ ቱቦ ውስጥ እሄዳለሁ፤ ውኃው እስከ ጉልበቴ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ እየሄደ ያዜማል። ቃሉን ለመስማት ጎንበስ ስል ዜማው ከውኃው ሳይሆን ከራሴ አፍ እንደሚወጣ አወቅሁ። ስነቃ ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር። መመሪያውን አውጥቼ እንደገና አነበብሁት። «የተጠረዘ» ይላል እንጂ «የታተመ» አይልም። ተነሥቼ ንጹሕ ወረቀት ፈለግሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት አንድ ረጅም ቀን ይመስለኛል። የማውቀውን አልጻፍሁም፤ የሚያደናቅፈኝን ብቻ ነው የጻፍሁት። የኔታ ከፊት ለፊቴ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። የጻፍሁትን ባማርኛ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ፣ መታ ያደርጋሉ። ስደናቀፍ መቋሚያው ቆም ይላል። «ድገሚው።» እደግማለሁ። ሁለተኛ ስደናቀፍ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ከተደናቀፍሁበት ቁጥር በላይ በቀይ እስክሪብቶ የዜማ ምልክት ያኖራሉ፤ አንዱ ጋ ድፋት፣ አንዱ ጋ ጭረት፣ አንዱ ጋ ርክርክ።

«የኔታ፣ ይኼ እኮ የባክቴሪያ ዕድገት ነው!»

«ይሁን። ድምፅሽን እዚህ ጋ ዝቅ አድርጊው፤ ያኔ አትስቺውም።»

እውነትም አልስተውም ነበር። ቀስ በቀስ ንግግሩ ቀረና ዜማ ሆነ። የወንዝ ፍሰቱ በዕዝል፣ ከባድ ከባድ እያለ ይሄዳል። ቆሻሻ ውኃ ውስጥ እየበሰበሰ አየሩን የሚጨርስበት ቀመር በአራራይ ሲሆን ልብ ይበላል። ከሁሉ የወደዱት ግን የሥራችን ሁሉ መነሻ የሆነውን ነው፦ የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው፣ ሲደመር እዚያው የተፈጠረው፣ ይኸው ነው የተከማቸው። እሱን ለብቻቸው ጓሮ ሆነው ጎመን እየቀነጠሱ ሲያዜሙት ሰምቻቸዋለሁ። ጎረቤታችን ብርቱካን ባጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «የኔታ፣ ይኼ የየትኛው በዓል ነው?» ብትላቸው፣ «የፍሳሽ» አሏት። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከቡሄ በፊት ጽሑፉ አለቀ። የኔታ ራሳቸው በክር ሰፉት፣ በዋንዛ ሰሌዳ ጠረዙት፣ ቀይ ቆዳ አለበሱት። ማኅደርም ሰፉለት፣ ከነማንገቻው። እግዜር ያሳያችሁ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ በማኅደር! ግን ሳነግተው ትከሻዬ ላይ ሞቀኝ። ሦስተኛው መጽሐፍ ተገኘ።

የፈተናው ቀን ከተማዋ ጉም ውስጥ ሰጥማ ዋለች። የኔታ «እሸኝሻለሁ» ብለው አብረውኝ መጡ። ከአዳራሹ በር ተሰልፈን፣ መነጽር ያደረገች ፈታኝ የያንዳንዱን ሰው መጽሐፍ እያየች ታስገባለች። ወፍራሙንና ሠንጠረዡን አሳለፈች። ማኅደሩን ስታይ ፈገግ አለች።

«እህቴ፣ የጸሎት መጽሐፍ ውጪ ነው የሚቀመጠው።»

«የጸሎት አይደለም። የፍሳሽ ነው።»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ፈታኟ ግን አውጥታ ገለጠችውና ፊቷ ተለወጠ። «ይህ ቀይ በቀዩ ምንድን ነው?»

«የዜማ ምልክት ነው።»

«የምን ዜማ?»

«የ… የቀመሩ። አባቴ ድጓ ያስተምራሉ። ስሳሳት…»

«እህቴ» አለች፣ መጽሐፉን እየዘጋች። «እኔ የማላነበውን ምልክት ይዞ የሚገባ ሰው የለም። መልስ ይሁን ምን ይሁን በምን አውቃለሁ? ይህ አይገባም።»

ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ እንደገና ለመንኋት። አልሆነም። አሁን ሳስበው እሷም እውነቷን ነው፤ ባክቴሪያ ላይ ርክርክ ተደርጎ ያየ ማን አለ? ያን ሰዓት ግን ከሰልፉ ወጣሁና ማኅደሩን አጥሩ ሥር ለቆሙት ለየኔታ ሰጠኋቸው።

«ከለከሉኝ» አልኋቸው።

ማኅደሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ደም የሚባል አልቀረበትም። ጋቢያቸውን አጣፉ።

«በይ እንግዲህ» አሉ በቀስታ። «እንመለስ።»

«ምን?»

«እንመለስ፣ ልጄ። ምን ይደረጋል።»

ያን ጊዜ የመጣብኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ማን ነው የሚመለሰው? ክረምቱን ሙሉ የተንገበገብሁት በር ላይ ደርሼ ለመመለስ ነው? የመጣው ይምጣ!» ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሁለቱን መጽሐፍ አቅፌ ገባሁ። ዞር ብዬም አላየኋቸው።

አዳራሹ ውስጥ ግን ወኔዬ ከዳኝ። ወረቀቱን ስገልጥ ፊደሉ ሁሉ ተንሳፈፈብኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አንድ ሐይቅ ነው፤ ወንዝ ይገባበታል፣ ወንዝ ይወጣበታል፣ ቆሻሻ ይደፋበታል። እጄ ሳላዘው ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ ሄደ። ባዶ ጠረጴዛ ዳበስሁ። አለቀልኝ፣ ወደቅሁ፣ አልሁ በሆዴ። መስኮቱን አየሁ። ጉሙ መስተዋቱን ተደግፎ ቆሟል፤ ቤታችን ያለሁ መሰለኝ፤ ከፊቴ መደቡ፣ መደቡ ላይ ጋቢው።

መታ፣ መታ።

የገባው፣ አልሁ በልቤ። ሲቀነስ የወጣው። ድምፄ በዜማው ልክ ዝቅ ሲል ሐይቁ ወለል ብሎ ታየኝ። የምደናቀፍበት ቦታ ሲደርስ ቀዩ ድፋት ከወረቀቱ በላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ መጽሐፉ ሳይኖር። ሠራሁት። ሁለተኛው በዕዝል መጣ፤ ከባድ ነበር፣ በቀስታ ወረደ። አልፎ አልፎ ወፍራሙን እገልጣለሁ፣ ከሠንጠረዡ ቁጥር እወስዳለሁ፣ እንደገና ወደ ዜማው እመለሳለሁ። ጊዜው ይሂድ ይቁም አላውቅም። ቱቦው ውስጥ ነበርሁ፣ ሞቅ ያለው ውኃ እስከ ጉልበቴ። አንዴ ብቻ ፈታኟ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እህቴ፣ አታንጎራጉሪ፤ ሰው ትረብሺያለሽ» አለችኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ መጻሕፍቴን ከድኜ ጉሙን እያየሁ ነበር።

ስወጣ የኔታ እዚያው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ማኅደሩን ካፊያ እንዳይነካው በጋቢያቸው ሸፍነው ታቅፈውታል፤ የሳቸው ራስ ግን ርሷል። ሲያዩኝ አልተነሡም።

«ያለሱ ገባሽ» አሉኝ።

«ገባሁ።»

«ማንም አልመለሰሽም?»

«ማን ይመልሰኛል? ከፈለጉ ፈትነው ይጣሉኝ እንጂ!»

ጉሙ በመሐላችን ያልፋል።

«እኔንም ማንም አልመለሰኝም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። «መጽሐፍህ የታለ ብሎ የከለከለኝ ሰው የለም። መቼ ደረስሁና። ድጓው እንደሆነ እዚህ ነበር።» ደረታቸውን በእጃቸው ነኩት። «ከወንዙ ነው የተመለስሁት። ራሴ ነኝ የተመለስሁት፣ ሠርኬ። ይኸን ሁሉ ዘመን ወንዙን ሳማው ኖርሁ።»

እጃቸውን ይዤ አስነሣኋቸው። ማኅደሩን እኔ አነገትሁትና በጭቃው መሐል ቀስ እያልን ወደ ቤት ሄድን።

ውጤቱ የመጣው በጥቅምት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጉና ከነጫፉ በሚታይበት ጠዋት ነው። ቢሮ ሳለሁ ስልኬ ላይ ገባ። ሦስቴ አነበብሁት፣ ከዚያ ለታምራት ሰጥቼ አስነበብሁት፤ ዓይኔን አላመንሁትማ። «አልፈሻል! ሠርኬ፣ አልፈሻል!» ብሎ ከጮኸ በኋላ ነው የገባኝ። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት በረርሁ። በመንገድ ላይ በጣቴ ጉልበቴ ላይ ስፈርም ነበር፣ ስፈርም፣ ደግሜ ስፈርም። ከሁሉ በፊት ለየኔታ ነው የምነግራቸው። «ተመሰከረልኝ» ልላቸው ነው፤ ቃሉን ባጃጁ ውስጥ ተለማመድሁት።

ቤቱ ተዘግቷል። «የኔታ!» ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ጓሮ ዞርሁ፤ ጎመኑ ብቻ አለ። ክፍላቸውን ገፋ ሳደርገው መደቡ ተነጥፏል፣ ጋቢያቸውና መቋሚያቸው የሉም።

ብርቱካን ባጥሩ ላይ ብቅ አለች። «የኔታን ነው? በማለዳ ወደ መናኸሪያ ወረዱ እኮ። የጋይንት መኪና የቱ ነው ብለው እኔን ሲጠይቁኝ ነበር።»

«ጋይንት?»

«ቤተልሔም እሄዳለሁ አሉ። ባሁኑ ጊዜ ወንዙ ድልድይ አለው አይደል ብለው ጠየቁኝ። አለው አልኋቸው።»

«ምን ይዘው ሄዱ?» አልኋት።

«ምን ይዘው… ምንም። መቋሚያቸውን ነው እንጂ። እኔም ገርሞኝ፣ የኔታ፣ ለድጓ ምስክር ሰው ያለ መጽሐፍ ይሄዳል እንዴ ብላቸው፣ ‹ሠርኬስ መች ይዛ ገባች› አሉኝ።»

ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ማለፌን ለብርቱካን የነገርኋት ከዚያ በኋላ ነው።